ብሎኑን በጣቷ ለቆጠረችው እህቴ

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገርልሽ። በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለረዳት ስቶር ኪፐርነት ፈተና ጠራሽ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ሄድሽ። ኮምፒውተር ላይ ረጅም የመለዋወጫ ዝርዝር በኤክሴል ከፈቱልሽና «ስንት ዓይነት ብሎን አለን?» አሉሽ። «ብሎን» ብለሽ ፈለግሽ፤ ጥቂት መጣ። ወረድ ስትዪ ግን «ቡሎን» ተብሎ የተጻፈም አየሽ። ፍለጋውን ማመን አቃተሽና በጣትሽ መቁጠር ጀመርሽ። ሰዓቱ አለቀ። አሁን የምትጠይቂኝ፣ ተበድረሽ የኢአርፒ (የድርጅቱን ግዥ፣ ስቶርና ሂሳብ ባንድ የሚይዝ ሶፍትዌር) ኮርስ ትማሪ እንደሆነ ነው። እዚያው ፋብሪካ ደግመሽ ብታመለክቺ ይስቁብሽ እንደሆነም ፈርተሻል።

አብሽሪ። ብድሩን ተዪው። የጣለሽ ኢአርፒ አይደለም፤ ፍለጋ ነው። እሱ ደግሞ ቤትሽ ተቀምጠሽ በሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። ፍለጋውን አለማመንሽ ራሱ ደስ ብሎኛል። እኔ ፈታኝ ብሆን ለዚያች ብቻ ግማሽ ማርክ እሰጥሽ ነበር። ብዙ ሰው የመጣለትን ቆጥሮ «12 ነው» ብሎ ይነሳል።

የጎደለሽ ዋይልድካርድ የሚባለው ነገር ነው። ካርታ የተጫወተ ሰው ጆከርን ያውቃል፤ የጎደለውን ካርድ ተክቶ ይቆማል። እዚህም እንደዚያው ነው። ኤክሴል ላይ ? የአንድ ፊደል ቦታ ይይዛል። * ደግሞ የፈለገውን ያህል ፊደል ይይዛል፤ ምንም ባይኖርም ይሆነዋል። ስለዚህ ካውንትኢፍ በሚባለው የመቁጠሪያ ቀመር ውስጥ «?ሎን*» ብለሽ ብትሰጪው ኖሮ ብሎኑንም ቡሎኑንም፣ ከኋላቸው ከተጻፈው ልክ ጋር፣ ባንድ ጊዜ ይቆጥርልሽ ነበር። የእኛ ፊደል አንድ ጥቅም አለው። ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ስለሆነ «ብ» እና «ቡ» ለኮምፒውተሩ እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል ናቸው። አንድ ? ይበቃቸዋል።

ግን ቁጥሩ እንደመጣ አትሩጪ። ዝርዝሩ ውስጥ «ሳሎን ጠረጴዛ» የሚል ካለ እሱም ብሎን ሆኖ ይቆጠራል። መጀመሪያ በፊልተር አውጥተሽ በዓይንሽ እዪው፤ ከዚያ ቁጠሪ። ሌላም አለ። አንዱ «ኩሽኔታ»፣ ሌላው «ኩሺኔታ»፣ ሦስተኛው «ኩሽነታ» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። «ኩ*ታ*» ሦስቱንም ይይዛል። አራተኛው ያንኑ ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ «በሪንግ» ብሎ ጽፎት ከሆነ ግን የትኛውም ምልክት አያመጣልሽም። ኮምፒውተሩ ፊደል እንጂ ዕቃ አያውቅም። እዚህ ጋ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሚቀጥሩሽ።

ስቶር ውስጥ ትልቁ አደጋ «የለም» የምትለዋ ቃል ናት። መካኒኩ ኩሽኔታ 6205 ብሎ ይመጣል። ትፈልጊያለሽ፤ ባዶ ይመጣል፤ «የለም» ትያለሽ። ግዥ ይጠየቃል፤ ይገዛል። ከወር በኋላ ቆጠራ ሲደረግ መደርደሪያው ላይ አምስት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ፍለጋ ባዶ ሲያመጣ ሁለተኛ መንገድ ሳትሞክሪ አትመልሺ። ለምሳሌ የዕቃ ቁጥሮቹ እንደ ቁጥር ከተመዘገቡ፣ ካውንትኢፍ ውስጥ «62*» ብትዪ መልሱ ዜሮ ነው። 6204ም 6205ም እዚያው እያሉ! እነዚህ ምልክቶች እዚያ የሚሠሩት ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። መፈለጊያው ሳጥን፣ ኮንትሮል ኤፍ የሚከፍተው፣ ግን ያገኛቸዋል።

ደግሞ የስቶር ሰዎች ልክ ሲጽፉ «ብሎን 10*50» ይላሉ። ኮከቡ እዚህ ማባዛት ነው። አንቺ 10*50 ብለሽ ስትፈልጊ ግን ኤክሴል እንደ ጆከር ያነበውና 10*150ንም 10*250ንም ይዞልሽ ይመጣል። ራሱን ኮከቡን ስትፈልጊ ከፊቱ ~ አድርጊ፤ 10~*50 በይ። ይቺ የታጠፈች መስመር ብዙ ኪቦርድ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ ትገኛለች፤ ከሺፍት ጋር ነው የምትጫኚው።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ኮከቡ አስጠላኝና ዝርዝሩን ሁሉ «10 በ 50» ላደርገው ፈለግሁ። ፈልገህ ተካ የሚለውን ከፈትኩ። * ፈልግ፣ በ«በ» ተካ አልኩና ሁሉንም የሚለውን ተጫንኩ። ሺቱ በሙሉ «በ» ሆነ። የዕቃ ስም የለ፣ መደብ የለ፣ ዋጋ የለ፤ በ፣ በ፣ በ ብቻ። ደንግጬ ደግሞ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ካርዱ ላይ መልሰን ጻፍነው። አለቃዬ ምንም አላለኝም፤ ሻይ ግን ያን ቀን እኔ ጋበዝኩ።

ዕቃውን እንዲህ ካልን የሰው ስም ደግሞ አለልሽ። ወሎ ውስጥ የሠራተኛ ዝርዝር የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሙሃመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ። ሰይድ፣ ሠይድ፣ ሰኢድ፣ ሰዒድ። ስንሰማው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። «ሙ?መድ*» የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያመጣል። «??መድ*» አምስቱንም ያመጣል፤ ግን አህመድንም ይጨምራል። በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ደግሞ አናባቢው ለብቻው ይቆጠራልና ተነባቢዎቹን ብቻ አስቀምጠሽ በየመሃላቸው * ጣል አድርጊ።

ይህ ሰውን ለመፈለግ ነው፤ ደሞዝ ለመክፈል አይደለም። ቪሉክአፕ፣ ስም ፈልጎ ከጎኑ ያለውን መረጃ የሚያመጣው ቀመር፣ ምልክት ያለበት ስም ስትሰጪው መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይቆማል። ሁለተኛው ሙሐመድ መኖሩን እንኳ አይነግርሽም። ገንዘብ ሲሆን በመታወቂያ ቁጥር ሥሪ።

ኮርሱን ያነሳሽው ሶፍትዌሩ የተለየ ይሆናል ብለሽ ነው። የተለየው ምልክቱ ነው፤ ሐሳቡ አንድ ነው። ሳፕ የሚባለው የኢአርፒ ሶፍትዌር ላይ * እንዳለ ሆኖ የአንድ ፊደሉ ምልክት + ነው። ዳታቤዝ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) የምትጠይቂ ከሆነ % ለብዙ፣ _ ለአንድ ነው። የማታውቂው ፕሮግራም ፊት ቢያስቀምጡሽ፣ መኖሩን በዓይንሽ ያየሽውን ዕቃ በግማሽ ስሙ ፈልጊ። ካልመጣ ምልክቱ ሌላ ነው ማለት ነው። ፈታኙን «እዚህ የፍለጋ ምልክታችሁ ምንድን ነው?» ብለሽ ብትጠይቂም አያሳፍርም፤ እንዲያውም የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። በትልቅ ዳታ ላይ ግን ከቃሉ ፊት ምልክት ማድረግ አታብዢ። መነሻ ፊደሉ ካልታወቀ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ይገደዳልና ይንቀራፈፋል።

ለልምምድ ሩቅ አትሂጂ። ወንድምሽ ፒያሳ መለዋወጫ ይሸጣል ብለሻል። የሱን ደብተር 200 መስመር ኤክሴል ላይ ገልብጪ፤ ስህተቱን ሳታርሚ፣ እንደጻፈው። ከዚያ ብሎኑን በፍለጋ ቁጠሪ፣ በእጅሽም ቁጠሪ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልጊ። ሲቪሽ ላይ «ኤክሴል እችላለሁ» የሚለውን ሰርዢና «የመለዋወጫ ሱቅ ዝርዝር መዝግቤ፣ የተደጋገሙ ስሞችን ለይቻለሁ» ብለሽ ጻፊ። ይሄ ውሸት የሌለበት፣ የሚያስጠይቅም መስመር ነው። ይጠይቁሽ፤ ጥሩ ነው።

እዚያው ፋብሪካ አመልክቺ። ማንም አይስቅብሽም፤ ባለፈው የፈተኑትን ሁሉ የሚያስታውስ የለም። ካስታወሱሽም «ያኔ በእጅ ቆጥሬ ነበር፤ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው» ብለሽ አሳዪያቸው። ወንድምሽን ደግሞ 10*50 ብሎ መጻፉን እንዲተው ንገሪልኝ።