ግንቡ ወደ ባሕሩ አዘንብሏል፣ የፈቃድ ማመልከቻውም ተመልሷል፦ ምን ይደረግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንባቢያችን ደሴት ላይ፣ ፊቱ ባሕር የሆነ ቤት አለው። ግቢውን ከውሃው የሚለየው የኮንክሪት ግንብ አናቱ ወደ ባሕሩ አዘንብሏል። ከግንቡ ኋላ ያለው የበረንዳ ንጣፍ እየሰጠመ ነው፤ ፊቱ ላይ ደግሞ ቡናማ የዝገት እንባ ወርዷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ግንቡን «ውሃ እንዳያሳልፍ» ብሎ ጥርቅም አድርጎ ለስኖለታል። አሁን እንደገና ሊያስለስን፣ እግረ መንገዱንም ቤቱ ከቆመባቸው ኮለኖች መሃል ያለውን ክፍት ቦታ በብሎኬት ዘግቶ የእንግዳ ክፍል ሊያደርግ አስቧል። «እድሳት» ብሎ ቢያመለክት ፋይሉ ተመለሰበት። የከፍታ ቅየሳ አምጣ፣ የውሃውን መስመር አሳይ፣ መሐንዲስ ይፈርምበት ተባለ። በዚያ ላይ የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ያለፈቃድ የተቀጠለ ሆኖ ተገኘ። «ለልስን ይህን ሁሉ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጉዳይህ ልስን አይደለም። ፋይሉ የተመለሰውም ለዚህ ነው።

ደብዳቤህን ሳነብ ሁለት ነገር ያዘኝ። ንጣፉ የሚሰጥመው ባሕሩ ከጎደለ በኋላ ነው ብለሃል። ድሮ ከግንቡ እግር ከፍ ብሎ በየተወሰነ ርቀት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፣ አሁን አይታዩም ብለሃል። የኔ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው። ለሳኙ የውሃ መውጫዎቹን ደፍኗቸዋል። ቀዳዳ አይቶ «ጉድለት ነው» ያለ ሰው ነው። ስንቱን ግንብ የገደለው እንዲህ ያለ ቅን ሰው ነው!

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ባሕሩ ሲጎድል ከግንቡ ፊት ወርደህ አትቁም። ከኋላውም አትቆፍር። ልጆችም አይጫወቱበት።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ይህቺን ነገር ማስረዳት እወዳለሁና ታገሰኝ። ዝናቡም፣ የአሸንዳህም ውሃ፣ በሙላት ጊዜ የሚገባውም ባሕር ከግንቡ ኋላ በተሞላው አፈር ውስጥ ይሰርጋል። ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ችግር የለም፤ ከፊትም ውሃ፣ ከኋላም ውሃ፣ ግንቡ መሃል ቆሞ ይደገፋል። ባሕሩ ሲሸሽ የፊቱ ድጋፍ ይሄዳል። መውጫው ክፍት ቢሆን የኋላውም አብሮ ይወርድ ነበር። ተደፍኖ ከሆነ ግን ውሃው እዚያው ታግቶ ይገፋል። ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሜትር ውሃ ከታገተ ግፊቱ በእያንዳንዱ የግንብ ርዝመት ሜትር ላይ ግማሽ ቶን ያህል ይሆናል። 2 ሜትር ሲሆን 1 ቶን የሚሆን ይመስልሃል፤ አይደለም፣ 2 ቶን ነው። 3 ሜትር ሲሆን 4.5 ቶን። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፤ ግንቡን ከእግሩ ነቅሎ የሚገለብጠው ጉልበት ደግሞ 8 እጥፍ ይደርሳል። የአፈሩ የራሱ ግፊት ገና አልተጨመረም። ይህ ሁሉ ጭነት ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። የታገተው ውሃ መውጫ ሲያጣ ደግሞ በመገጣጠሚያውና በግንቡ እግር ሥር ይሾልካል። ባዶውን አይሾልክም፤ ደቃቁን አፈር ይዞ ነው የሚወጣው። ከንጣፉ ሥር ባዶ ዋሻ ይቀራል። አንድ ቀን ሴራሚኩ ይሰምጣል፣ ባለቤቱም «ንጣፉን በደንብ አልሠሩትም» ይላል።

ጥርጣሬዬን ራስህ መፈተን ትችላለህ። በግቢው በኩል ከግንቡ ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ በል፤ አትቆፍር ያልኩህ ግንቡን ተጠግተህ ነው። ሥሩ የኤሌክትሪክ ወይም የውሃ መስመር እንደሌለ፣ ግንቡን ወደ ኋላ የሚስቡ የብረት ማሰሪያዎችም የት እንደተቀበሩ መጀመሪያ አረጋግጥ። ከዚያ በእጅ በሚዞር የአፈር መሰርሰሪያ ቀጭን ጉድጓድ አውርድ። ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቧንቧ በጨርቅ ጠቅልለህ ክተትበት። ሲባጎ ላይ ክብደት አስረህ በቧንቧው ውስጥ ልቀቅና ሲባጎው የራሰበትን ለካ፤ አንዴ ባሕሩ ሲሞላ፣ አንዴ ሲጎድል። ባሕሩ ብዙ ወርዶ በቧንቧው ያለው ውሃ ንቅንቅ ካላለ ነገሩ እንደጠረጠርኩት ነው። አብሮ የሚወርድ ከሆነ ግን ተሳስቻለሁ፤ ያኔ የግንቡ እግር ሥር በሞገድ ተቦርቡሮ ይሆናል፣ አለዚያም ማሰሪያው በዝገት ተበጥሷል። በሁለቱም መንገድ ለመሐንዲሱ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል።

ቀዳዳዎቹን አሁኑኑ ልክፈታቸው እንዳትል። ለመብሳት ከግንቡ ፊት መቆም አለብህ፤ እሱን ደግሞ አትቁም ብዬሃለሁ። ማጣሪያ ጨርቅና ጠጠር ሳይኖረው የተከፈተ ቀዳዳ ደግሞ የቀረውን አፈር ይዞ ይወጣል። ዛሬ ማድረግ የምትችለው ጭነት ማቅለል ነው። ከግንቡ አጠገብ የቆመ መኪና፣ የውሃ ታንከር፣ የተቆለለ ድንጋይ ካለ አንሳ። የአሸንዳውን ውሃ በቧንቧ ወደ ሌላ ጎን አሻግረው። አትክልት ማጠጣቱንም ተወው።

ዝገቱን በተመለከተ፣ የባሕር ጨው ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ፌሮው ላይ ደርሷል። ዝገት ከበላው ብረት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ፈንቅሎ ይሰነጥቀዋል። በላዩ መለሰን ቁስሉን ሳያጥቡ ፋሻ መጠምጠም ነው። እዚያ ግንብ ላይ ሌላ ልስን አታስደርግ።

እንግዲህ ወደ ፈቃዱ። ቢሮው ያየው ምን መሰለህ? ከውሃ መስመር ላይ የቆመ ግንብ ሊነካ ነው፣ «እድሳት» ተብሏል፣ ሥዕል የለም። የፈቃድ ሰው ሐሳብህን ሊያነብ አይችልም፤ የሚያነበው ሥዕልና ከፍታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብህ የሚወጣው ለቀያሽ ነው። ቀያሹ የይዞታህን ወሰን፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚደርስበትን የሙላት መስመር፣ የግቢውንና የቤቱን ወለል ከፍታ በአንድ ሥዕል ያውጣልህ። በብዙ አገር ከሙላት መስመሩ ወዲያ ያለው የባሕር ወለል የሕዝብ ነው። ለዚህ ነው አዲሱን ግንብ ከአሮጌው ፊት ትንሽ ገፋ አድርጎ መሥራት ለሠራተኛ ቀላል፣ ለፈቃድ ግን ሌላ ጣጣ የሚሆነው። በአሮጌው መስመር ላይ ወይም ወደ ግቢህ ገባ ብሎ መሥራት ነገሩን ብዙ ያቀልልሃል።

ግንቡን «ምትክ ግንባታ» ብለህ አስገባው። የመሐንዲሱ ሥዕል ላይ የውሃ መውጫዎቹ፣ ከኋላቸው ያለው ጠጠርና ማጣሪያ ጨርቅ፣ ፌሮው ላይ የሚቀረው የኮንክሪት ሽፋን ውፍረት በግልጽ ይታዩ። ሽፋኑ ላይ አትደራደር፤ ከጨው የሚጠብቅህ እሱ ነው። ሥራው ውሃውን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከግንባታ ቢሮው ሌላ የባሕር ዳርቻውንና የአካባቢ ጥበቃውን ይሁንታ ሊጠይቁህ ይችላሉ። ዓሣ በሚራባበት ወይም ኤሊ እንቁላል በምትጥልበት ወቅት ውሃ ውስጥ መሥራት የሚከለከልበት ቦታ አለ። ስለዚህ ጀልባና ማሽን ከመከራየትህ በፊት ወሩን ጠይቅ።

የጀልባ መቆሚያውን ቅጥያ አትደብቀው። አንዴ አይተውታል። «ያለፈቃድ የተሠራ ነው፣ ላስመዘግብ እፈልጋለሁ» ብለህ ለብቻው አቅርብ። አንዳንዱ ቦታ ቅጣት ከፍለህ ይጸድቅልሃል፣ አንዳንዱ ቦታ አፍርስ ትባላለህ፤ ግን የግንቡን ፋይል ይዞ መስመጡን ያቆማል። እስከዚያው የመቆሚያውን መብራት ከዋናው ማጥፊያ አጥፋ። ለቤት ውስጥ በተሠራ ማራዘሚያ ገመድ የተዘረጋ ነው ብለሃል፤ ያ ገመድ ውሃ አጠገብ ነገር ፈላጊ ነው። የመቆሚያው ብሎኖችም ለዝገት የበቁት ቀጭን የዚንክ ቅብ ብቻ ስላላቸው ነው። ሻጩ «ጋልቫናይዝ ነው» ብሎሃል፤ ለባሕር የሚሆነው በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረው ነው። ስቴንለስ ከገዛህ 316 የሚባለውን ዓይነት ስጠኝ በል፤ 304 የሚባለው ጨው ሲነካው በቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። ማግኔት ይዘህ አትሂድ፣ ማግኔት ሁለቱን አይለይልህም። ወረቀቱን ጠይቅ።

የእንግዳ ክፍሉን እርሳው። ቤትህ ኮለን ላይ የተሰቀለው ጎርፍ በሥሩ እንዲያልፍ ነው። በብሎኬት ከዘጋኸው ሞገዱ የሚገፋው ግድግዳ ሰጠኸው ማለት ነው፤ ግድግዳውም ኮለኑን ይዞ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ፣ ጎርፍ ክልል ውስጥ ባለ ቤት ሥር፣ ጎርፉ ይደርሳል ተብሎ ከተሰላው ከፍታ በታች የሚፈቀደው መኪና ማቆም፣ ዕቃ ማስቀመጥና መግቢያ ብቻ ነው። ኃይለኛ ሞገድ በሚደርስበት ዳርቻ፣ ከተዘጋም ግድግዳው በሞገድ ተገንጥሎ እንዲወድቅ ሆኖ መሠራት አለበት። «የ100 ዓመት ጎርፍ» ሲሉህ ገና ነው ብለህ አትዘናጋ። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 26 በመቶ ይደርሳል። እዚያው አገር ሌላም ወጥመድ አለ። ጎርፍ ክልል ውስጥ ላለ ቤት የእድሳቱ ወጪ ከሕንፃው ዋጋ 50 በመቶ ከደረሰ፣ ቤቱ በሙሉ አዲሱን ደንብ እንዲያሟላ ይገደዳል። ያንተ ቦታ ተመሳሳይ ገደብ እንዳለው ማመልከቻ ከማስገባትህ በፊት ጠይቅ። ገደቡን ለማምለጥ ሥራውን መቆራረስ አያዋጣም፣ ይደምሩብሃል።

ደሴት ላይ ኮንክሪት ስለመሙላት አንድ ቃል። የተቦካው ኮንክሪት መኪና መሻገሪያ ጀልባ ተራ ሲጠብቅ ይደርቃል። ያኔ ሾፌሩ ውሃ ጨምሮበት ሊያቀጥነው ይፈልጋል። እንዳትፈቅድ። የተለመደው ገደብ ከተቦካ እስከ መሙላት 90 ደቂቃ ነው፤ ካልተቻለ ማዘግያ ኬሚካል እንዲጨመርበት ከፋብሪካው ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፣ ወይም እዚያው አስቦካ። የባሕር ዳር አሸዋ ነፃ ነው ብሎ የሚያመጣልህን ሠራተኛ ከነአሸዋው መልሰው። ጨውን በእጅህ ፌሮው ላይ መርጨት ነው። ተቆጣጣሪው ፌሮውን ሳያይም አትሙላ። እሱም በጀልባ ነው የሚመጣውና ቀጠሮውን ቀድመህ ያዝ።

አሁን ፋይሉን ከመነካካትህ በፊት ከግንቡ አናት እስከ ቤቱ ኮለን ያለውን ርቀት ለካ፤ ራስህ ከግንቡ ፊት ሳትወርድ። ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ። በሚቀጥለው የባሕር ጉድለት ድገመው። ቁጥሩ ካልተለወጠ በመደበኛው ወረፋ ሂድ። ከተለወጠ ግን ግቢውን በገመድ አጥረህ ሰው አታስጠጋ፣ መሐንዲሱን ጥራ። ለፈቃድ ቢሮውም ደውለህ የአደጋ ጊዜ ሥራ ፈቃድ ጠይቅ፤ በብዙ ቦታ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ለብቻው የተዘጋጀ አጭር መንገድ አለ፣ ሲጠይቁህም የምታቀርበው ማስረጃ ያ ፎቶና ያ ቁጥር ነው።