ግማሽ ጨረቃ ወይስ ማጭድ?

ጥያቄ፦ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ሉኔት» እና «ፋልኬት» የሚሉ ሁለት የቅርጽ ቃላት አስቸገሩኝ። ሁለቱንም «ግማሽ ጨረቃ» ብላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ግማሽ ጨረቃ እኮ አንድ ጎኗ ቀጥ ያለ ነው፤ መሃል ለመሃል እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ። የእርስዎ ቃላት በሁለቱም ጎን ስለጎበጠ ነገር ናቸው።

«ሉኔት» የመጣው ከላቲኑ «ሉና» ነው፤ ጨረቃ ማለት። ሁለት ሹል ጫፍ ያላትን ለጋ ጨረቃ ያስቡ። በኦሞና በጋምቤላ ያለው ቲያንግ የተባለ ቀንዳም የዱር እንስሳ የሚመደብበት ዝርያ ዳማሊስከስ ሉናተስ ይባላል። ስሙ መጀመሪያ የወጣው በደቡባዊ አፍሪካ ላለው ዘመዱ ነው፤ ሁለቱ ቀንዶቹ ከፊት ሲታዩ ጨረቃ ይሠራሉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ አውራ ጣትዎን ይመልከቱ። ጥፍሩ ሥር ያለችው ነጣ ያለች ቅስት «ሉኑላ» ትባላለች፤ ትንሿ ጨረቃ።

«ፋልኬት» ደግሞ «ፋልክስ» ከሚለው ነው፤ ማጭድ። ሹሉ ጫፍ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ከግንዱ ወይም ከአካሉ ጋር ተያይዟል። የብዙ ዶልፊኖች የጀርባ ክንፍ እንዲህ ነው። ባዮሎጂ ሳስተምር ግን ዶልፊን ከየት ላምጣ? የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይዤ እገባ ነበር። የለጋው ዛፍ ቅጠል ሰፋ ያለ ነው፤ የትልቁ ዛፍ ግን ረዝሞ ይጎብጣል፣ ቁርጥ ማጭድ። (ክፍሉ ሙሉ ጉንፋን ጉንፋን ይሸት ነበር።)

እኔ ብሆን አንዱን «ለጋ ጨረቃ መሰል»፣ ሌላውን «ማጭድ መሰል» እላለሁ።