ወደ መገናኛ ለመሄድ ወደ አያት የሚሳፈሩት እናት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ቤቷ የካ አባዶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ የሕዝብ ትራንስፖርት ተሳፋሪ መንገዱን እንዴት እንደሚመርጥ የሚያሳዩ ሞዴሎችን ያወዳድራል። "ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል? አጭሩ መንገድ፣ ሎጂት ወይስ ስትራቴጂ?" ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የጻፈችውን አየሁ፤ "መጠይቁን አያት ፌርማታ ላይ ነው የማስሞላው።" ስልኩን አስቀመጥኩት።

አያት ላይ ዕዳ አለብኝ።

ባቡሩ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ከአያት መገናኛ ባለው መስመር ላይ የተሳፋሪ ጥናት እንሠራ ነበር። እኔ ሞዴሉን የምሠራው ሰው ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩ የኔ፣ ቀይ እስክሪብቶውም የኔ። ክረምት ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ልጆች ወረቀቱን በፌስታል ሸፍነው ይሯሯጣሉ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ታመመና እሱን ተክቼ ሲኤምሲ ሚካኤል አጠገብ ቆምኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ።

አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን በፕላስቲክ ሸፍነዋል፣ እጃቸው ላይ የምሳ ዕቃ አለ። መገናኛ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበሩ። "እማማ፣ ከዚህ ወደ መገናኛ በምን ይሄዳሉ?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ወደ አያት እሄዳለሁ።"

"አይ፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ ማለቴ ነው።"

"እሱንማ ነው የምልህ። በታክሲ ወደ አያት እወጣለሁ፣ ከዚያ ተሰልፌ ወደ መገናኛ እመለሳለሁ።"

ሲኤምሲ ከአያት ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ ነው። እኚህ ሴትዮ ወደ ምዕራብ ለመሄድ ሒሳብ ከፍለው ወደ ምሥራቅ ይሳፈራሉ። ጥያቄው አልገባቸውም ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። "አንተ ልጅ፣ በመኪና ነው መሰለኝ የምትሄደው" አሉኝ። በዚያው ቅጽበት ከአያት የመጣ ሚኒባስ ጢም ብሎ አለፈ፤ ወያላው በመስኮት እጁን ብቻ አወዛወዘ። ሌላም አለፈ። እሳቸው ማዶ ተሻግረው ወደ አያት የሚሄደው ባዶ ታክሲ ውስጥ ገቡ።

ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ቢሮ ገብቼ ያደረግኩት ግን ሌላ ነው። የሳቸውን ወረቀት በቀይ አሰመርኩና "አቅጣጫ ስህተት" ብዬ ጻፍኩበት። ክምሩ ውስጥ እንደሳቸው ያሉ አስራ ምናምን ወረቀቶች ነበሩ፤ ሁሉንም አወጣኋቸው። ሞዴሌ ወደኋላ የሚሄድ ሰው አያውቅም። አለቃዬ መረጃው ጥርት ማለቱን ወደደው። ሪፖርቱ ላይም "አያት ጫፍ ላይ የሚሳፈረው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጠዋት የሚጨመረው መኪና ከመሃል ይነሳ" ብለን መከርን። ከዚያ ወዲያ ያ ምክር ምን እንደደረሰ ሄጄ ጠይቄ አላውቅም። ከመሰረዙ ይልቅ አሁን የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ሌሎቻችሁም አዳምጡ።

እኔ ያን ጊዜ የተጠቀምኩት አጭሩን መንገድ ነው። ዳይክስትራ የሚባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ስሌት አለ፤ በኔትዎርኩ ላይ አጭሩን መንገድ ያወጣልሻል። እኔ ሰውን ሁሉ በዚያ በአንዱ መንገድ ላይ ጫንኩት። ስሌቱ ምንም አላጠፋም። በደቂቃ ለካሁለት፣ በደቂቃ መለሰልኝ። ወንበር የሚባል ነገር አልነገርኩትም።

ሎጂት ሰውን በየመንገዱ ያከፋፍላል፤ የተሻለው መንገድ ብዙ ሰው ይደርሰዋል፣ የባሰውም ባዶውን አይቀርም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ማክፋደን እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚህ መስክ ሥራው ነው። ግን አንድ የታወቀ ወጥመድ አለው። ከተሳፋሪው ግማሹ በታክሲ፣ ግማሹ በአንበሳ ይሄዳል እንበል። በዚያው መንገድ ላይ ከአንበሳው በቀለም ብቻ የሚለይ ሸገር ብታስገቢ ተራው ሎጂት ለሦስት እኩል ያካፍልልሻል። የታክሲው ሰው በምን ምክንያት ከግማሽ ወደ ሲሶ ወረደ? የአንቺ መንገዶች ደግሞ ከአያት መገናኛ ድረስ አንድ ናቸው፣ ከዚያ ነው ወደ ፒያሳና ወደ ሜክሲኮ የሚለያዩት። ለዚህ ፓዝ ሳይዝ የሚባል ማስተካከያ አለ፤ መንገዶቹ የሚጋሩትን ርዝመት አይቶ ድርሻቸውን ይቀንስልሻል። መምህርሽ ይህን ሳይነግርሽ አይቀርም።

ሦስተኛው፣ ስትራቴጂ ያልሽው፣ ስፒስና ፍሎሪያን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ነው። ሰው ከቤቱ መንገድ መርጦ አይወጣም ይላሉ፤ "ከነዚህ ውስጥ ቀድሞ የመጣው ላይ እወጣለሁ" ብሎ ነው የሚወጣው። እንቁጠረው። አውቶቡስ በአማካይ በየ20 ደቂቃው ይመጣል፣ ጉዞው 30 ደቂቃ ነው። ታክሲ በየ10 ደቂቃው ይመጣል፣ ጉዞው 40 ነው። ሁለቱም እንደ ዕድል ስለሚመጡ አማካይ ጥበቃውም ያንኑ ያህል ነው፤ ግማሹ የሚሆነው ሰዓት ጠብቀው ሲመጡ ነው። አውቶቡስ ብቻ ብትጠብቂ 50 ደቂቃ። ታክሲ ብቻ ብትጠብቂም 50። ቀድሞ የመጣው ላይ ብትወጪ ጥበቃሽ ወደ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወርዳል፤ ከሦስት ቀን ሁለቱን ታክሲ፣ አንዱን አውቶቡስ ታገኛለሽ። ጉዞሽ በአማካይ 36 ደቂቃ ከ40 ይሆናል። ድምሩ 43 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ሰባት ደቂቃ ያህል አተረፍሽ፣ አንድም መኪና ሳይጨመር። ይህን መጀመሪያ በእጄ ሳሰላ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ግን እሱም ቢሆን በመጀመሪያ መልኩ እማማን አያውቃቸውም። የመጣው መኪና ሁሉ ቦታ አለው ብሎ ያምናል። ሲኤምሲ ላይ ጠዋት በየሁለት ደቂቃው ታክሲ ያልፋል፤ ቆጣሪ ብታስቀምጪ ድንቅ አገልግሎት ነው። የሚቆመው ግን ስንቱ ነው? ስለዚህ መቁጠር ያለብሽ የሚያሳፍረውን ነው። አቅምን የሚያስገቡ ሞዴሎች ይህን ያደርጋሉ፤ መኪናው ሲሞላ አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚመጣ ይቆጥሩታል። ይህ ሲገባ የሴትዮዋ ወደኋላ መሄድ ራሱ አጭሩ መንገድ ይሆናል። በፕሮግራም ሰዓት የሚሠራውን ዘዴ ለባቡሩ ተዪው። ሞልቶ ለሚነሳ ሚኒባስ ምን ሰዓት ትጽፊለታለሽ? ሰልፉ ሲበዛ መገናኛ ድረስ የነበረውን ጉርድ ሾላ ላይ የሚቆርጥ ወያላም አለ፤ እሱን የሚያስገባ ሞዴል ገና አላየሁም።

የዛሬ ልጆች ኮድ ስትጽፉ እቀናለሁ። እኔ ሳምንት የፈጀብኝን ከሰዓት በኋላ ትጨርሱታላችሁ። ካርታችሁም ያምራል። ግን ታክሲ ውስጥ ጆሯችሁ ተደፍኖ ነው የምትሄዱት። ወያላውና ተራ አስከባሪው ሲጨቃጨቁ ካልሰማሽ ስለዚህ ከተማ ምን ትሰሚያለሽ? ደግሞ እኔ ሰምቼ፣ አይቼ፣ ወረቀቱን በእጄ ይዤ ምን አደረግኩ? ስለዚህ ይሄን ምክር ብዙም አትስሙት።

እኔ ራሴ አሁን ሲኤምሲ ነው የምኖረው፣ ጉልበቴም አይታዘዘኝም። ጠዋት ወጣ ያልኩ እንደሆነ ወደ አያት ነው የምሳፈረው።

ለጽሑፍሽ ሦስቱንም አስኪጂና አወዳድሪ፤ አያት ላይ ግን ከስትራቴጂው ጀምሪ፣ አቅም ጨምሪበት። መጠይቁ ላይ "መጀመሪያ በየት አቅጣጫ ተሳፈሩ?" የሚል አንድ መስመር አስገቢ። የትኛውም ሞዴል ውስጥ አልገባ ያሉሽን ወረቀቶች አትጣያቸው። በፌስታል አድርገሽ ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ፤ ቡናው በኔ ነው።