ማዳም ወይስ ማድሟዜል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ፈረንሳዊት መጣች። ጣቷ ላይ ቀለበት ስላላየሁ «ቦንዡር ማድሟዜል» አልኳት። ፈገግ ብላ «ማዳም» ብላ አረመችኝ። በኋላ ስናወራ ግን እንዳላገባች ራሷ ነገረችኝ። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ቃላቱስ ከየት መጡ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ትምህርት ቤት የተማርሽው እሱን ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ቀለበት እያዩ መጥራት እየቀረ ነው።

«ማ» የኔ ማለት ነው፣ «ዳም» ደግሞ እመቤት። ስለዚህ ማዳም ስትዪ «እመቤቴ» እያልሽ ነው። ዳም የመጣው ከላቲኑ «ዶሚና» ሲሆን «ዶሙስ» ደግሞ በዚያው ቋንቋ ቤት ነው፤ ዶሚና የቤቱ አዛዥ ናት ማለት ነው። አሁን የኛን «እመቤት» ፈታ አድርገሽ እዪው፦ እመ ቤት፣ የቤት እናት። ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል፣ ደስም ይለኛል። ማድሟዜልም ከዚያው ከዶሚና ነው የመጣው፣ ግን በማሳነሻ፤ «ትንሿ እመቤቴ» እንደማለት።

ድሮ ታዲያ ጉዳዩ ትዳር ብቻ አልነበረም፣ ዘርም ነበር። ማዳም የሚባሉት የመኳንንት ሚስቶች ነበሩ፤ ተራ ሰው ያገባች ሴት ባልም ልጆችም እያሏት ማድሟዜል ትባል ነበር። የኛ «ወይዘሮ»ም እንዲሁ ነው። ዱሮ ከነገሥታት ዘር ለሚወለዱ ሴቶች የሚሰጥ ማዕረግ ነበር፣ ዛሬ ያገባች ሁሉ ወይዘሮ ናት።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 የጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንሷ ፊዮን መንግሥት ባወጣው መመሪያ ማድሟዜል ከመንግሥት ፎርሞች ወጣ። የሴቶች መብት ተሟጋቾች ብዙ ጮኸውበት ነው። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ወንዱ አገባም አላገባም «ሙሲዩ» ነው፣ ሴቷ ለምን ትዳሯን ትጠየቃለች? መመሪያው የሚመለከተው የመንግሥት ወረቀቶችን ነው እንጂ ቃሉን በአፍ መጥራት አልተከለከለም። ተዋናዮች በተለይ ማድሟዜል መባልን እንደ ክብር የሚይዙበት የቆየ ልማድ አላቸው።

ክርክሩ ለኔም ይገባኛል። በቅርቡ ፒያሳ አንድ ቢሮ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄጄ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ በመስኮቱ «ወይዘሮ ነሽ ወይዘሪት?» ተባልኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ግን «አቶ» ተብሎ ተጻፈለት፣ አለቀ። በጣም ነው የከፋኝ።

ስለዚህ አንቺ ለአዋቂ ሴት ሁሉ «ቦንዡር ማዳም» በያት። ቦንዡር ብቻውን ትንሽ ደረቅ ይላል፣ ማዳም ስትጨምሪበት ነው ወግ ያለው። እንግዳዋ ራሷ ማድሟዜል በዪኝ ካለችሽ ደግሞ እንዳለችሽ ጥሪያት። ሁለት ሴቶች አብረው ከገቡ ግን «ማ»ው ይቀየራል፤ «ሜዳም» ነው የሚባሉት፣ «እመቤቶቼ» ማለት ነው።