ድዱ ለታመመ ሰው አጭር ኢምፕላንት ይበረክታል? ጥያቄና መልስ

ስለ አጭር ኢምፕላንት፣ ማለትም በወለቀ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ስለሚተከለው አጭር የብረት ብሎን፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው የመጣው በድድ በሽታ ጥርሳቸው ተነቃንቆ ከወለቀባቸው ሰዎች ነው። የዕለት ሥራዬም ድድ ማከም ስለሆነ ነገሩ ይመለከተኛል።

ጥያቄ፦ አጭር የሚባለው ስንት ነው? ለምንስ ይመረጣል?

ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነው ነው። የተለመደው 10 እና ከዚያ በላይ ነው። የድድ በሽታ ጥርስ የሚያስወልቀው አጥንቱን በልቶ ስለሆነ፣ ለመትከያ የሚቀረው አጥንት ትንሽ ነው። ላይኛው መንጋጋ ላይ ከበላዩ ሳይነስ የሚባለው ክፍት ቦታ አለ። ታች ደግሞ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋል። ረጅሙን ለመትከል አጥንት ማስጨመር ሊኖርብዎት ነው። ያ ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ የወራት ጥበቃና ተጨማሪ ወጪ አለው።

ጥያቄ፦ 6 ሚሊ ሜትር ብረት መንጋጋ ጥርስ ይሸከማል?

ይሸከማል። ኢምፕላንቱ የተሠራበት ብረት፣ ቲታኒየም፣ ከአጥንቱ ጋር ይዋሃዳል፤ የማኘክ ጫናም በብዛት የሚያርፈው ድዱ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት በተደረጉ ክትትሎች ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጡት ከ86.7 እስከ 100 በመቶ ሳይወድቁ ቆይተዋል። ረጅሞቹ ከ95 እስከ 100 በመቶ። የአጭሩ ውጤት ሰፋ ብሎ እንደሚለያይ ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ድዴ ታሞ ነበር። ለእኔስ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የድድ በሽታ የነበረበት ሰው በኢምፕላንቱ ዙሪያም ተመሳሳይ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። በፈረንጆቹ 2017 ቺካጎ የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎች ለዚህ ሕመም የሚያጋልጡ ሦስት ነገሮችን ለይተው አስቀምጠዋል፦ የቀድሞ የድድ በሽታ፣ ንጽሕና ማነስና ክትትል መቅረት። አሁን ቁጥሩን አብረን እናስላ። 3 ሚሊ ሜትር አጥንት ከጠፋ፣ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነው ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ከ6ቱ ላይ ግን ግማሹ ሄደ! አጭሩ ትርፍ የለውም።

ደግሞ ሕመሙ ድምፅ አያሰማም። አንዲት እናት «አያመኝም እኮ ልጄ» አሉኝ። በቀጭኗ መለኪያ የኢምፕላንታቸውን ዙሪያ ስነካካው ደም ተከተለ፣ ቀጥሎ መግል። ራጁ ላይ የብሎኑ አራት ጥምዝ ከአጥንት ወጥቶ ይታያል። ለሁለት ዓመት የትም ሐኪም ዘንድ ሄደው አልታዩም ነበር።

ጥያቄ፦ ድዴ አሁንም ይደማል። ቶሎ ላስተክል?

በፍጹም አይቸኩሉ። መጀመሪያ የቀሩት ጥርሶች ከሥር ይጸዱ። ከሳምንታት በኋላ ድዱ እንደገና ይለካ። በጥርስና በድድ መሃል ጥልቅ ክፍተት (ኪስ) ወይም መድማት ካለ መትከሉ ይቆይ። ኪሱ ውስጥ ያለው ተህዋስ ወደ አዲሱ ኢምፕላንት ሊዛመት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲጋራስ?

ያቁሙ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው። ለዕረፍት መጥቼ አስተክዬ ልመለስ?

ይቻላል፣ ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የኢምፕላንቱን ስም፣ ርዝመትና ውፍረት የያዘ ካርድ ይቀበሉ። ክራውኑ (ኢምፕላንቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ) የተገጠመ ዕለት የተነሳውን ራጅም ይውሰዱ፤ ያለ እሱ በኋላ አጥንት መቀነሱን ማወዳደር ይቸግራል። ከተቻለ ክራውኑ በብሎን የሚታሰር ይሁን። በሲሚንቶ ሲጣበቅ ከድድ ሥር የሚቀረው ትርፍራፊ ድዱን ያስቆጣዋል። ከመሳፈርዎ በፊት ደግሞ እዚያ በየ3 እስከ 6 ወሩ የሚያይዎት ሐኪም ይኑርዎት። ይሄን ካላገኙ እኔ ባይተክሉ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በመፋቂያ ነው የማጸዳው። ይበቃል?

መፋቂያ ፊት ለፊቱን ያጸዳል፤ በክራውኑ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት ውስጥ ግን አይገባም። ለእሱ በጥርስ መሃል የምትገባዋን ትንሽ ብሩሽ ይያዙ፤ ሽቦዋ በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን። ማታ ማታ፣ ከመተኛትዎ በፊት።