የሸማኔው ጉድጓድ፣ የጥምቀት ውሃ እና ካሜራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ አካባቢ ሕዝብና ባህል ለቴሌቪዥን ዝግጅት ከሚሠሩ ሰዎች የመጡ ናቸው።

በክልል ጣቢያ ጀማሪ ዘጋቢ ነኝ። ስለ ዶርዜ ሸማኔዎች የ28 ደቂቃ ዝግጅት ታዝዣለሁ። ከዚህ በፊት የተሠሩትን ሳይ ሁሉም አንድ መልክ አላቸው፤ ከተራራው ይጀምራሉ፣ ተራኪው ያወራል፣ ክራር ይሰማል፣ ከዚያ የወረዳው ኃላፊ ይመጣል። የእኔን በምን ልለየው? (አርባ ምንጭ)

በእጅ ሥራው ይለዩት። ዶርዜ ላይ በልማድ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ተፈትሎ፣ ድር ሆኖ፣ ተሸምኖ ጨንቻ ገበያ እስኪወጣ ያለው መንገድ ራሱ ታሪክ ስለሆነ ተራኪ ብዙም አያስፈልገውም። ቀረጻውን በዚሁ ቅደም ተከተል ያቅዱ፤ ለሁሉም ግን እኩል ጊዜ አይስጡ። መዳመጡና መንደፉ በ2 ደቂቃ ያልቃሉ። ጥለቱ 6 ወይም 7 ደቂቃ ቢወስድ አይበዛበትም። ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር የሚያሳልፈው እዚያ ላይ ነው፤ ቆጠራው አንድ ቦታ ከሳተ ቅርጹ ይዛባል፣ ፈትቶ ይመለሳል። ተመልካች ዓይኑን የማይነቅለው ሊበላሽ ከሚችል ሥራ ላይ ነው። ሲፈታም ካሜራውን አያጥፉ።

ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ልኮ ነው የሚሠራው። ቆመው ከላይ ወደ ታች ከቀረጹት ሰውየው ያጥራል፣ እጁንም ትከሻው ይጋርደዋል። ትራይፖዱን ዝቅ አድርገው ካሜራውን ከተወጠረው ድር ከፍታ ጋር ያስተካክሉ። ከአንድ ሥራ ቢያንስ አምስት ምስል ያስፈልግዎታል፦ እጁ፣ ፊቱ፣ በትከሻው በኩል እሱ የሚያየው፣ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን የሚረግጠው እግሩ፣ መጨረሻ ላይ ከነቤቱ ሰፋ ብሎ። እያንዳንዱን ሳያንቀሳቅሱ 10 ሰከንድ ይያዙ። ኤዲተሮች በብዛት የሚያለቅሱት 3 ሰከንድ ሳይሞላ በሚዞር ካሜራ ነው።

ነጭ ሸማና ጠይም ፊት አንድ ምስል ውስጥ ሲገቡ አውቶማቲክ የብርሃን መጠን ያሳስትዎታል፤ ወይ ሸማው ይነድዳል ወይ ፊቱ ይጨልማል። መጠኑን በእጅ ያስተካክሉ። ዜብራውን (ብርሃን የበዛበትን ቦታ በስክሪኑ ላይ በመስመሮች የሚያሳየውን) 95 ላይ አድርገው ሸማው ላይ መስመሮቹ እስኪጠፉ ብርሃኑን ይቀንሱ፤ ከዚያ ፊቱ ከጨለመ አንድ ነጭ ፎም ወይም አንሶላ ከበሩ በኩል ይያዙለት። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ውስጡ ጨለማ ነው፤ ዋናው ብርሃን በበሩ ይገባል። ባለታሪኩን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያስቀምጡት፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙረው። እሳት ከነደደ ጭሱን አያስወጡ፤ ብርሃኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

ድምፁን ለብቻው ይቅዱ። ትንሽ መቅጃ ከጉድጓዱ ጠርዝ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጠው የመወርወሪያውን ምልልስና የመርገጫውን ጩኸት ለ3 ደቂቃ ያህል ማንም ሳያወራ ይያዙ። ክራሩን ለመተው ድፍረት የሚሰጥዎት ይህ ቅጂ ነው። (ጋሞ ደጋ ላይ ተቀርጾ የሰሜን ክራር የሚለጠፍበት ልማድ ለምን እንደቀጠለ አንድም የሚያሳምን ምክንያት አልሰማንም።) ካሜራዎ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ከሆነ አንድ ሰዓት 45 ጊጋ ባይት ገደማ ይበላል፤ ባለ 64 ካርድ ከ80 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ማታ ማታ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሳይገለብጡ ካርድ አያጥፉ።

ኃላፊውስ? አለቃዎ ግድ ካሉ ኃላፊው ሸማ ሲገዛ ወይም ገበያውን ሲጎበኝ ይቅረጹት፤ ከጠረጴዛና ከባንዲራ ጋር አይሁን። 40 ሰከንድ ይበቃዋል።

ሽማግሌዎች ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሰው ሲናገሩ የደረት ማይኩ ይንኮሻኮሻል። ነጠላውን አውልቁ ማለት ደግሞ ነውር ይሆንብኛል። (ደብረ ማርቆስ)

አያስወልቁ፤ እንዳመችዎም አድርገው አያጣጥፉት። ነጠላ ሲዘቀዘቅ፣ ጥለቱም ወደ አንገት ሲወጣ የሐዘን አለባበስ ነው። ለማይክ ብለው ሳያውቁ የገለበጡት ነጠላ ሰውየውን በቴሌቪዥን ለቀስተኛ ያደርገዋል፤ ስልኩም እስከ ማታ አያቆምም።

የሚንኮሻኮሸው ጨርቅ ከማይኩ ጋር ስለሚፋተግ ነው። ማይኩን ከነጠላው ሥር በሸሚዙ አንገትጌ ላይ ያድርጉ። ከፊትና ከኋላው ትንሽ የጨርቅ ፕላስተር ባለ ሦስት ማዕዘን አድርገው በማጠፍ ይለጥፉ፤ ማይኩ ሁለቱን ጨርቆች ለያይቶ ይይዛቸዋል። ገመዱን ከማይኩ ሥር አንድ ጊዜ ጠቅልለው ይለጥፉት፤ ሽማግሌው ሲነቃነቁ የሚሳበው ጥቅሉ እንጂ ማይኩ አይሆንም። አዲስ የተተኮሰ ጋቢ ግን ምንም ቢያደርጉ ይጮሃል። ያኔ የደረት ማይኩን ይተዉና ቡም ማይክ (በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚያዝ) ከምስሉ ጠርዝ ውጭ፣ ከአፋቸው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ከላይ ወደ ታች ያንዣብቡ። የንግግሩ ከፍታ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ -12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርገው ይቅረጹ፤ ሽማግሌ ሲስቅ ድምፁ ድንገት ነው የሚወጣው።

የጋሞኛ ቃለ መጠይቅ ወደ አማርኛ ስንመልስ ኤዲተራችን ቋንቋውን አያውቅም። ስንቆርጠው ተናጋሪዎቹ ተቆጡ። (ሐዋሳ)

የተቆጡት ዓረፍተ ነገራቸው መሐል ላይ ስለተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም። ጋሞኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ኤዲተሩ ትንፋሽ ሲሰማ ከቆረጠ አድራጎቱ ሳይነገር ይቀራል፤ «አልሸጥም» ያለ ሰው «ሸማዬን…» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ቃለ መጠይቁን በሙሉ፣ የሚስማማችሁን ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ ከቀረጻው የሰዓት ቁጥር (ታይም ኮድ) ጋር ጽፋችሁ አስተርጉሙ። ተርጓሚው ከዚያው አካባቢ የመጣ ይሁን፤ የዶርዜ አነጋገር ከሌላው ጋሞ ይለያል። ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ድምፁን ከፍቶ፣ ጽሑፉን እያየ አንድ ጊዜ ይከታተለው።

የግርጌ ጽሑፉን ከሁለት መስመር አታሳልፉ፤ ሁለት መስመር ሲሆን 5 ሰከንድ ይቆይ። ወፍራም ፊደል ምረጡ፤ በቀጭኑ ቋ፣ ጿ እና ጧ በትንሽ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ይሆናሉ። ከጣቢያችሁ ተንሸራታች ዜና በላይ ከፍ አድርጉት። የብዙ ጥሩ ዝግጅት ጽሑፍ በስብሰባ ዜና ተሸፍኖ ቀርቷል።

ጎንደር ላይ ጥምቀትን ለመቅረጽ ፈቃድ አግኝተናል። ሁለት ካሜራ ነው ያለን። (ባሕር ዳር)

ጥር 10 ከተራ ላይ ሁለቱም ካሜራዎች ታቦታቱ ወደሚያድሩበት አፄ ፋሲል መዋኛ ቢጣደፉ ታቦቱን የሚያጅበው ሕዝብ ያመልጣችኋል። አንዱ ከሰልፉ ጎን ይሂድ፤ ከታቦቱ ፊት ቆሞ ወደ ኋላ እየሄደ የሚቀርጽ ሰው ካህናቱን ያግዳል፣ ተገፍቶም ይወድቃል። ሌላው ገና በቀትር በመዋኛው ዙሪያ የግንብ ወይም የመሬት ቦታ ይያዝ። ለዕለቱ በተሠራ የእንጨት ርብራብ ላይ ማንንም አታስቀምጡ። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት እዚያው ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል።

ቅዳሴው ሌሊት ነው፤ ጎንደር በጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ካሜራውን በመኪና ውስጥ ሙቀት አታሳድሩት፤ ብርድ ላይ ሲወጣና ሲገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ውጭ በቦርሳው ይደር። ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ሲዘልሉ ርጭቱ 10 ሜትርም ቢሆን ይደርሳል፦ የዝናብ ሽፋን፣ በኪስ ሁለት ደረቅ የሌንስ ጨርቅ፣ ማይኩ ላይ ፀጉራም መከላከያ። ስብከቱንና ዝማሬውን ከድምፅ ማጉያው በማይክ አትቅዱ፤ ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) በገመድ መስመር ውሰዱና መቅጃውን ከማይክ ወደ «ላይን» ቀይሩት፣ አለዚያ ድምፁ ይቀደዳል። የከበሮውንና የፀናጽሉን ድምፅ ግን መስመሩ አይሰጣችሁም፤ ለእሱ ማይክ ይዞ ከመዘምራኑ አጠገብ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ዝግጅቱ ላይ የምትጠቅሱት ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በፈረንጆች 2019 ነው። ከመስቀል (2013) ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በከተማችን የኅብረተሰብ ኬብል ጣቢያ ስለ እዚህ ሐበሻ ነጋዴዎችና ዕድሮች ዝግጅት ልሠራ ነው፤ አገር ቤት የቀረጽኩትም አለኝ። ምን ልጠንቀቅ?

ሁለት ነገር። አንደኛው ንግድ ነው። እነዚህ ጣቢያዎች ለሕዝብ የተከፈቱ ስለሆኑ አብዛኞቹ ማስታወቂያ አይፈቅዱም። ባለ ሬስቶራንቱ ስለ ሕይወቱ ይናገር፤ ዋጋ፣ ቅናሽና «ኑ ቅመሱልን» ሲገባ ግን ዝግጅቱ ይመለሳል። የምስጋና ስም መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ብቻ ይውጣ።

ሁለተኛው የምስል ፍጥነት ነው። ኢትዮጵያ በ50 ኸርዝ መብራት ላይ ነች፣ በሰከንድ 25 ምስል፤ አሜሪካ 60 ኸርዝና 29.97 ነው። ካሜራውን በአሜሪካው ፍጥነት አድርገው አዲስ አበባ ላይ የቀረጹት የመብራት ብልጭታ ካለው፣ ኋላ ላይ ማጥፋቱ ከባድ ነው፤ ቀጣዩን ሲቀርጹ የሸተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ያድርጉ። በ25 የተቀረጸውን ምስል በ29.97 የቅንብር መስመር ላይ እንዲሁ አይወርውሩ፤ ካሜራ ሲዞር ይንገጫገጫል። ለብቻው ቀይረውት ያስገቡ። የዝግጅቱን አማካይ የድምፅ ከፍታ (ላውድነስ) ለአሜሪካ ጣቢያ -24 LKFS ላይ ያውጡ፤ ለአውሮፓ ጣቢያ የሚላከው -23 LUFS ነው። የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ብዙ ጊዜ 28 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፤ የእርስዎ ጣቢያ የሚቀበለውን ርዝመት ግን ቅንብር ከመጀመርዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።