ፓራሻውና ዜናው በሻባት ማዕድ ላይ

ጥያቄ፦ ዓርብ ማታ ከእራት በፊት የሳምንቱን ፓራሻ (የኦሪት ንባብ ክፍል) በአማርኛ እናነባለን። ታላቁ ልጄ ሚሉኢም (የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ተጠርቶ ቆይቶ ተመልሷል። አሁን የምናነበው ሁሉ ለእሱ ስለ ጦርነቱ ነው፤ «ይኸው ተጽፏል» ይላል። እህቱ ደግሞ ስለ ሰላም የሚናገር ጥቅስ ፈልጋ ትመልስለታለች። እራቱ በጭቅጭቅ ያልቃል። ኦሪትን ከዜና ጋር ማያያዝ ተገቢ ነው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከረሆቮት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እንኳን በሰላም ገባልዎ።

ማያያዙ ተገቢ ነው። እኔም አያይዛለሁ። ችግሩ ጥቅሱን ራሳችን መርጠን ስናመጣ ነው። ያኔ ኦሪት የራሳችንን ሐሳብ መልሶ ይነግረናል። ፓራሻ ግን ተራውን ጠብቆ ይመጣል። ዜናው ምንም ይሁን ምን፣ የሳምንቱ ንባብ ያው ነው።

አንድ ቀን ላስታውስዎ፦ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025። ሻባት (ሰንበት) ነበር። ኢትዮጵያዊ-እስራኤላዊው አበራ መንግሥቱ ከ10 ዓመት በላይ ጋዛ ታግቶ ቆይቶ የወጣው በዚያ ቀን ነው። የነገቭ በደዊኑ ሂሻም አል-ሰይድም አብሮ ወጣ። እንደሚፈቱ ሰምተን ነበር፤ መፈታታቸውን ያረጋገጥኩት ግን ሻባት ከወጣ በኋላ ነው። ጠዋት የተነበበው ሚሽፓቲም የተባለው ፓራሻ ነበር። ሲጀምር ዕብራዊ ባሪያ በ7ኛው ዓመት ነጻ ይውጣ ይላል። ማታ ቤቴ መልሼ ሳነበው አለቀስኩ። በዚያው ባቆም ደስ ባለኝ! ቀጠልኩና ዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ ደረስኩ፦ የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት። ያን ቀን ይህን መስማት አልፈለግሁም ነበር። ስለ ጠላቴ ምን እንደማስብ የጠየቀኝ ግን ይኸው ቃል ነው፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ልጆችዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው። ፓራሻውን ሙሉውን ያንብቡ። ከዚያ እያንዳንዱ የሚደግፈውን ትቶ የከበደውን ቃል ይናገር። እኛ ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው። መጀመሪያ ላይ ረጅም ዝምታ ነበር።

ቶልዶት የተባለው ፓራሻ ሲደርስ ደግሞ ለእናንተ የተለየ ነው። ከተማችሁ በ1890 ስትመሠረት ስሟ የወጣው ከዚያ ነው። የይስሐቅ ሎሌዎች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ የጌራራ እረኞች ውኃው የእኛ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ስሙ ጸብ፣ ሁለተኛው ጥላቻ ተባለ። በሦስተኛው ማንም አልተጣላም፤ ረሆቮት አለው፣ ሰፊ ቦታ ማለት ነው። ልጅዎ የአብርሃምን ጉድጓዶች የደፈኑት ፍልስጥኤማውያን መሆናቸውን ማንሳቱ አይቀርም። ተጽፏል፣ እውነቱን ነው። አያቋርጡት፣ እህቱም ትስማው። ወጡ ትንሽ ቢቀዘቅዝም ግድ የለም። ብቻ እዚያ ላይ እንዳያቆሙ። የጌራራው ንጉሥ አቢሜሌክ መጥቶ አብረው እስኪበሉና እስኪማማሉ፣ በዚያው ቀንም ሎሌዎቹ «ውኃ አገኘን» እስኪሉ ድረስ ያንብቡ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ቁጥር 32 ነው።